የማላውቀውን ቋንቋ እንዴት ላስጠናው?

የፈተና ወቅት ሲቃረብ የዚህ ዓምድ ደብዳቤዎች መልካቸውን ይለውጣሉ። በሌላ ጊዜ ስለ ሰዋስው ክርክር የሚጽፉልኝ አንባቢያን ጠፍተው በምትካቸው የጨነቃቸው ወላጆች ይመጣሉ። ለዛሬ አራት ደብዳቤዎችን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ብዙውን ቦታ ወስደውብኛል፤ የጠየቁት ግን የሌሎቹንም ጥያቄ ስለሚነካ ቅር አይለኝም።

ጥያቄ፦ ክብርት መምህርት፣ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ከስምንት ሳምንት በኋላ የእንግሊዝኛ ፈተና አለበት። በሙከራው ፈተና ከ100 ያመጣው 41 ነው። እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው ፊደሉን ብቻ ነው። ማታ ማታ መጽሐፉን በቢጫ ቀለም እያሰመረ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል። አጠገቡ ሆኜ አየዋለሁ፤ ነገር ግን እያጠና ይሁን እያንቀላፋ መለየት አልቻልኩም። የማላውቀውን ቋንቋ እንዴት ላስጠናው? — የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አለማወቅዎ ይጠቅመዋል። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወላጅ ልጁ ሲደናቀፍ ማየት አያስችለውም፤ ቶሎ ብሎ መልሱን ያቀብላል። ልጁም «አዎ፣ አውቀው ነበር» ብሎ ያልፋል። አላወቀውም፤ ሲሰማው ለየው እንጂ። ሲያዩት መለየት ሌላ፣ ከራስ አውጥቶ መናገር ሌላ ነው። ምርጫ ያለው ጥያቄ እንኳ አራቱ አማራጮች ሁሉ ልክ መስለው እንዲታዩ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ፣ «ይህችን የሆነ ቦታ አይቻታለሁ» ማለት ብቻውን አያድንም። እርስዎ ደግሞ ቢፈልጉም መልሱን ሊያቀብሉት አይችሉም።

ያ ቢጫ ቀለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አታላይ ነው። ገጹ ሲደምቅ ጭንቅላቱም የሞላ ይመስላል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። ተማሪዎች አጫጭር ምንባቦችን አነበቡ። ከዚያ አንዱን ምንባብ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን ወረቀቱን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሳያዩ የጻፉትን 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት የቀራቸው 42 በመቶ ነበር። ልጅዎ በእኩለ ሌሊት መጽሐፉን ዘግቶ «ገብቶኛል» ሲል አይዋሽም፤ እሱ ያለው አምስተኛዋ ደቂቃ ላይ ነው። ፈተናው ያለው ግን ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው።

ስለዚህ የእርስዎ ሥራ መጽሐፉን መቀበል ነው። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ያንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለው ጭንዎ ላይ ያድርጉትና «አስረዳኝ» ይበሉት፤ በአማርኛ። ምንባብ ከሆነ ማን ምን አደረገ፣ ለምን፣ መጨረሻው ምን ሆነ ብለው ይጠይቁት። የገባው ልጅ ታሪኩን ያያይዘዋል። ያልገባው «እንትን ነው… ስለ አካባቢ ምናምን ነው የሚያወራው» ይላል። ይህን ለመለየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ይበቃል። የሰዋስው ሕግ ከሆነ ደግሞ «መቼ ነው እንዲህ የምንለው? መቼስ አንልም?» ይበሉትና ከራሱ ሕይወት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያጽፉት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ምሳሌ አይቀበሉት።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስለበደልኩ ነው። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ሕግ ማስሸምደድ እወድ ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። ባለፈ ጊዜ ተጀምሮ እስካሁን የዘለቀ ድርጊት በየትኛው የግሥ ቅርጽ እንደሚነገር ብጠይቀው ከነቁጥሩ ወረደልኝ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። በዚያው ቀን በኮሪደር ሳገኘው «ከመቼ ጀምሮ ነው ቤተ መጻሕፍት የምታገለግለው?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። «አይ አም ሂር ሲንስ መንደይ» አለኝ። «ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ነኝ» ማለቱ ነው፤ በአማርኛ ፍጹም ትክክል፣ በእንግሊዝኛ ግን ያ ጠዋት የወረደልኝ ሕግ የሚከለክለው ዓረፍተ ነገር። «አይ ሃቭ ቢን ሂር» ማለት ነበረበት። ሕጉ አፉ ላይ ነበር፤ ምላሱ ግን አልደረሰም። ያን ቀን ከተማሪው ይልቅ ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ለቃላት ጥናት ትናንሽ ወረቀቶች ይቁረጡ። በአንድ ጎን እንግሊዝኛውን፣ በሌላው አማርኛውን ልጁ ራሱ ይጻፍ። ሲጠይቁት አማርኛውን እርስዎ ያንብቡ፤ እሱ እንግሊዝኛውን ይናገርና ፊደል በፊደል ይጥራው። ፊደሉን አውቃለሁ ብለውኛል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ እያዩ ማመሳከር አያቅትዎትም። ሦስት ፖስታዎች ያዘጋጁ። ያልመለሰው በመጀመሪያው ገብቶ በማግስቱ ይጠየቃል፤ የመለሰው ወደ ሁለተኛው አልፎ ከሦስት ቀን በኋላ፣ እንደገና ከመለሰ በሦስተኛው ገብቶ ከሳምንት በኋላ። የሳተው ቃል ከየትኛውም ፖስታ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ የጀርመንኛ ጸሐፊ ነው፤ እሱ ግን በፖስታ ፈንታ ክፍልፋይ ባለው ሣጥን ይጠቀም ነበር። በቀን 10 ቃል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢይዝ በስምንት ሳምንት 480 ቃል ይሆናል። ብዙ አይመስልም፤ ግን እውነተኛ 480 ቃል በጭንቅላቱ የያዘ ልጅ 2000 ቃል ካሰመረው ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቃሉን ብቻውን አይጻፍ፤ ከጓደኛው ጋር ይጻፈው። «ዲሲዥን ማለት ውሳኔ» ብሎ የያዘ ልጅ ፈተና ላይ «ጊቭ ዲሲዥን» ብሎ ይጽፋል፤ እኛ ውሳኔ «እንሰጣለን»ና። እንግሊዝኛው ግን ውሳኔን «ይሠራዋል»፤ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ሐረጉ ሙሉውን ይስፈር።

ያንን የ41 ወረቀት ጥለውት እንዳይሆን። ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው የተሳሳተባቸውን ጥያቄዎች በየተራ ያሳይዎት። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡለት፦ አላወቅኸውም፣ እያወቅህ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኸውም፣ ወይስ ሰዓት አለቀብህ? በሦስት ዓምድ ይቁጠሩት። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ልንገርዎት፤ ልጁ ሰዋስው ላይ ሌሊቱን ይጨርሳል፤ ነጥቡ ያለቀው ግን ያልተነበበ ጥያቄ ላይ ነው። የስምንቱን ሳምንት እቅድ ማውጣት ያለበት ይህ ቆጠራ ነው።

እኩለ ሌሊቱንም ይተዉት። በእንቅልፍ ላይ ሲሆን ቀን የያዘውን ያደላድላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ከመጠየቅ ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ መጠየቅ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በእንግሊዝኛ የተሠሩ ፊልሞችን ከአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ያያሉ። «ይህም ጥናት ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? — አባት

መልስ፦ ብልሆች ናቸው፤ ግን ጥናት አይደለም። አማርኛው ከታች እስካለ ድረስ ዓይን እሱን ያነባል፣ ጆሮም ያርፋል። የግርጌ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩትና አምስት ደቂቃ ብቻ ሁለት ጊዜ ይዩት፤ በሁለተኛው ጊዜ ጽሑፉን አጥፍተው። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም መዝናኛ ነው፤ እሱንም አይከልክሏቸው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ፈተናችን 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ሰዋስው ላይ ችግር የለብኝም። ምንባብ ሲመጣ ግን የማላውቀው ቃል በየመስመሩ ይይዘኛል። እሱን ሳስብ ሰዓቱ ያልቃል፤ መጨረሻ ላይ ያሉትን አሥር ጥያቄዎች ሳላነብ ነው የማጠቁራቸው። ምን ባደርግ ይሻለኛል? — የቸኮለች ተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትሠሪውን ነገር ነው እንደማትችይ የምትነግሪኝ። ይህን አንብቢ፦ «ዋና ጸሐፊው ዋና አይችልም አለ።» ስታነቢው አልተደናቀፍሽም። ሁለቱ «ዋና» ግን በአጻጻፍ አንድ ናቸው፤ አንዱ ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ ይነበባል። «አለ» የሚለውም «ተናገረ» ወይም «ይኖራል» ሊሆን ይችላል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ የሚነግርሽ ዙሪያው ነው። አማርኛ የሚያነብ ሰው በየመስመሩ ይገምታል፤ ስለለመደው ብቻ አይታወቀውም። ይህን ችሎታ እንግሊዝኛ ላይ ስትደርሺ ለምን ደጅ ትተዪዋለሽ?

ልምምዱ ይህ ነው። ጓደኛሽ አንድ የእንግሊዝኛ ምንባብ ትውሰድና እያንዳንዱን ሰባተኛ ቃል በወረቀት ቁራጭ ትሸፍነው። አንቺ ክፍተቱን እየዘለልሽ አንብቢና ምን ዓይነት ቃል እንደሚገባበት ተናገሪ፤ ትክክለኛውን ቃል ሳይሆን ዓይነቱን። ድርጊት ነው? መጥፎ ነገር ነው? ሰው ነው? የሚገርምሽ፣ ፈተናሽ ላይ የሚመጣው ክፍት ቦታ የመሙላት ጥያቄም ከዚሁ የተወለደ ነው። ዊልሰን ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ቃላትን በእኩል ርቀት እየሰረዘ አንባቢ እንዲሞላ ሲያደርግ፣ መለካት የፈለገው ተማሪን ሳይሆን ጽሑፉ ራሱ ምን ያህል ለንባብ እንደሚቀል ነበር።

ፈተናው ላይ ስትቀመጪ የማታውቂውን ቃል በእርሳስ በቀጭኑ ክበቢውና እለፊ። ጥያቄ ካልመጣበት ትርጉሙን ማወቅ የለብሽም። ከመጣበት ግን ጫፎቹን እዪ፦ በ«ሽን» የሚያልቅ ብዙውን ጊዜ ስም ነው፣ በ«ሊ» የሚያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ይናገራል፣ በ«አን» ወይም በ«ዲስ» የሚጀምር ብዙ ጊዜ የሚቀጥለውን ይገለብጠዋል። ምንባቡ ውስጥ «በት» ወይም «ሃውኤቨር» ስታዪ ዓይንሽን ክፈቺ፤ ሐሳቡ እዚያ ላይ ይታጠፋል፤ ጠያቂዎችም መታጠፊያውን ይወዱታል።

ለአማራጮች ደግሞ አንድ የአራሚ ምስጢር፦ የምንባቡን ቃላት ቁርጥ አድርጎ የገለበጠ አማራጭ ዓይንሽን ሲስበው ተጠራጠሪ። ወጥመዱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ትክክለኛው መልስ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል ተናግሮ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄው ውስጥ «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» ካለ ከሥሩ አስምሪበት፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች እዚህች ቃል ላይ ወድቀዋል።

ሰዓቱን እናስላው። 90 ደቂቃ ለ60 ጥያቄ ሲካፈል ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ሰዋስው ላይ ችግር ከሌለብሽ እያንዳንዱን በ40 ሴኮንድ ጨርሽው፤ የተረፈው ለምንባብ ይሁን። እነዚያን አሥር ጥያቄዎች ሳታነቢ ማጥቆርሽ ሳይሆን ሳታነቢ መድረስሽ ነው ያስከፋኝ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ የማያስቀንስ ከሆነ ባዶ ባትተዪ ልክ ነሽ። ከፈተናው በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሙሉ ወረቀት በሰዓት ተለክተሽ ሥሪ፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ስልክሽ ሌላ ክፍል ሆኖ። አልጋ ላይ ተጋድሞ የተሠራ የሙከራ ፈተና አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ የእህቴን የእንግሊዝኛ ድርሰት እኔ ነኝ የማርምላት። ስመልስላት ገጹ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ትላንት ወረቀቱን ቀዳ «ከእንግዲህ አልጽፍም» አለችኝ። የተዘጋጀ ድርሰት ብታሸመድድ አይሻልም? — ታላቅ ወንድም

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ መሸምደዱ። አንድ ጊዜ ከአንድ ክፍል የመጡ ሠላሳ የሚሆኑ ወረቀቶችን አርሜያለሁ። ርዕሱ «ያልጠበቅሁት ጉዞ» ነበር። አሥራ አንዱ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ፤ ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅምና ጉዳት። ጉዞው የት እንደገባ አላወቅሁም። ልጆቹ የያዙት ድርሰት ስለ ቴክኖሎጂ ስለነበር፣ ርዕሱ ቢቀየርም ያንኑ አውርደውት ወጡ። ለአሥራ አንዱም የሰጠሁት ነጥብ ዝቅተኛ ነበር፤ አንዲት ልጅ ግን አውቶቡስ ውስጥ ተኝታ መውረጃዋን ስለማለፏ በስምንት የተንገዳገዱ ዓረፍተ ነገሮች ጽፋ ከሁሉም በለጠች።

ገጹ ለምን ቀይ እንደሚሆን ደግሞ ልንገርህ። እህትህ የምትሠራቸው ስህተቶች ብዙ ይመስሉሃል፤ ብትቆጥራቸው ግን አራት ወይም አምስት ናቸው፣ ደጋግመው የሚመጡ። አብዛኞቹም የአማርኛ ልጆች ናቸው። እኛ «ሦስት መጽሐፍ» ብንል ማንም አያርመንም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ነግሮናል። እሷም «ስሪ ቡክ» ትላለች፤ የብዙ ቁጥር ምልክቷን «ስ»ን ረስታ። እኛ «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል «ት» የምትለዋ ቅጥያ መጽሐፉን ዞራ ትጠቁመዋለች። እሷም «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ብላ ትጽፋለች፤ ያቺ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው «ኢት» የኛ «ት» ናት፤ እንግሊዝኛ አይፈልጋትም። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄድን» ማለት በእኛ ያስኬዳል። ስለዚህ «ኦልዞው» ብላ ጀምራ መሃል ላይ «በት» ትጨምራለች፤ በእንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የንግግር ጥያቄ ላይ ደግሞ «አልመጣም?» ስንባል ያልመጣ ከሆነ «አዎ፣ አልመጣም» እንላለን፤ እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ ላይ «ኖው» ይላል። በዚህች አንዲት ጥያቄ የሚሳሳቱ ተማሪዎች ብዛት እስካሁን ይገርመኛል።

ይህን ለእህትህ ስትነግራት ፊቷ ይፈታል። ስህተቷ የደካማ ልጅ ስህተት አይደለም፤ አማርኛን በሚገባ የምታውቅ ልጅ ስህተት ነው።

ከዚያ ሥራው ቀላል ነው። በአንድ ድርሰት ሁለት ዓይነት ስህተት ብቻ ምረጥ። ለምሳሌ በዚህ ሳምንት የብዙ ቁጥር «ስ»ንና ያቺን ተንጠልጣይ «ኢት»። ሌላውን ሁሉ፣ እጅህ ቢበላህም፣ እለፈው። ስህተቱንም አታርም፤ በመስመሩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግና «እዚህ መስመር ላይ አንድ አለ፣ ፈልጊው» በላት። ራሷ ያገኘችው አይደገምም ባልልህም፣ አንተ ካረምክላት ይልቅ ይቆያል። የግል የስህተት ደብተር ይኑራት፦ በግራ የጻፈችው፣ በቀኝ ያስተካከለችው፣ ከሥሩ የአማርኛው ምክንያት። ፈተናው ሲደርስ የምታነበው ያንን ደብተር እንጂ የሰዋስው መጽሐፉን አይደለም።

የምትጽፈውም አጭር ይሁን። በሳምንት አንድ ረጅም ድርሰት ከማጻፍ በየቀኑ ስድስት ዓረፍተ ነገር፣ በቀኑ ስላየችው አንድ ነገር። ዓረፍተ ነገሯ ከአሥራ ሁለት ቃል እንዳይበልጥ አድርግ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ለምደናል፤ በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ወዲያው ግሡን ካላገኘ ልጆቹ መሃል ላይ ይጠፉና ግሥ የሌለው ረጅም መስመር ይተዉልናል። ማን፣ ምን አደረገ፤ ነጥብ። «ቢኮዝ»ና «ዊች» በሁለተኛው ወር ይምጡ።

ለተቀደደው ወረቀት ይቅርታ ጠይቃት። ቀዩን እስክሪብቶም እንድትይዘው ለእሷ ስጣት፤ አንተ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፍና እሷ ታርምልህ።